ቀንዳሙ ኤሊ

የውሃ ኤሊ እንደሚገማ ብዙ ሰው አያውቅም። ስለ ኤሊ ልጻፍ ብዬ ተነስቼ ከግማቱ መጀመሬ ደስ አይለኝም፤ ሌላ መጀመሪያ ግን ብፈልግ አጣሁ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ሰረዝሁት። አንዱ ስለ ዝናብ ነበር፣ አንዱ ስለ ወንድሜ። ስለ ወንድሜ የጀመርሁት ሦስት መስመር እንኳ አልሄደልኝም። ስለዚህ በግማቱ ልጀምር።

የእኛ አገር የውሃ ኤሊ ትንሽ ነው። ትልቁ የተባለው እንኳ ከሾርባ ሳህን ብዙ አይበልጥም። ጀርባው የጭቃ ቀለም አለው፣ ሆዱ ነጣ ይላል። ሲይዙት እንደ የብስ ኤሊ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ አይሰበስብም፤ አንገቱን ወደ ጎን አጥፎ ከቅርፊቱ ጠርዝ ሥር ይሸጉጠዋል፣ ልክ አኩርፎ ፊቱን እንዳዞረ ሰው። ካኮረፈ በኋላ ይገማል። ከጎኑ አንድ ፈሳሽ ይለቃል፤ ፈሳሹ ሸሚዝ ላይ ካረፈ አንድ እጥበት አይበቃውም። የሞተ ዓሣና የከረመ ካልሲ አንድ ላይ ቢቀቀሉ እንደዚያ የሚሸቱ ይመስለኛል። ቀቅዬ ግን አላየሁም።

ወንድሜ በዓመት አንድ ቀን እንደዚያ ሸቶ ቤት ይመጣ ነበር። ክረምቱ ገብቶ ኩሬው ሲሞላ ኤሊዎቹን ሊቆጥር ይወርዳል። ሲመለስ እናታችን ገና ከሩቁ በአፍንጫዋ ታውቀዋለች። በር ላይ ቆማ ሁለት እጇን ትዘረጋለች።

«አትግባብኝ! ከነግማትህ ቤቴን እንዳታበላሽ! እዚያው ታጠብ!»

«እማዬ፣ ሰባቱም አሉ» ይላታል እሱ።

«ሰባት ሆነው ነው እንግዲህ እንዲህ ያገሙህ? እዚያው ቁም አልሁህ!»

እሱ እየሳቀ ይቀርባል፣ እሷ እየጮኸች ታፈገፍጋለች፣ በመጨረሻ ባልዲ ውሃ ታመጣና ራሷ ከላይ ታፈስበታለች። እኔ ከጎን ቆሜ እስቃለሁ። አንዳንዴ የባልዲው ግማሽ ለእኔ ይደርሰኛል።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ማለት አለብኝ መሰለኝ። አሁን እሱ ቆሟል፣ እኔ እየደረስሁበት ነው።

ቤታችን ከመተማ ዮሐንስ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ። ከቤታችን በታች አንድ ወንዝ አለ። ወንዝ ብለን እንጠራዋለን እንጂ ወንዝ የሚሆነው በክረምት ብቻ ነው። በበጋ አሸዋ ይሆንና አንድ ቦታ ላይ፣ ከትልቁ የኩመር ዛፍ ሥር፣ ኩሬ ይቀራል። ከብቱ የሚጠጣው እዚያ ነው፣ ልብስ የሚታጠበው እዚያ ነው፣ ኤሊዎቹም እዚያ ናቸው። እንግዲህ ሁሉም እየተገፋፋ ይኖራል።

ኤሊዎቹን መቁጠር የተጀመረው በቀለም ነው። እኛ አገር ሰሊጥ ሲታጨድ ነዶው ታስሮ ይቆማል፤ ሂላ እንለዋለን። ሲደርቅ ይገለበጥና ይራገፋል፣ ፍሬው ጆንያ ይገባል። ጆንያው የብዙ ሰው በአንድ መኪና ስለሚጫን እያንዳንዱ ቤት በቀለም የሚያደርገው የራሱ ምልክት አለው። የእኛ ከአባታችን የወረስነው ነው፦ አንድ ክብ፣ ከሥሩ ሁለት አጫጭር ጭረት። ወንድሜ «ጭንቅላትና እግር ብቻ ያለው ሰው ነው፤ ሆዱን ረስተውት» ይል ነበር።

አንድ ዓመት ጆንያ ምልክት አድርጎ ሲጨርስ ቀይ ቀለም ተረፈው። ቀለሙ የትራክተር ተጎታች የተቀባበት ነው፤ እሱ የሌላ ሰው ትራክተር ይነዳ ነበር። የተረፈውን ቀለም ይዞ ወደ ኩሬው ወረደ፣ እኔም ተከተልሁት። አንድ ትልቅ ኤሊ ይዞ «ይህም የእኛ ነው» አለና በጀርባው ላይ የጆንያ ምልክታችንን ሳለ። ኤሊው እንደ ልማዱ አኩርፎ አንገቱን አጥፎ ስለነበር ወንድሜ ፊቱንና ኋላውን አልለየም። ሥሎ ሲያበቃ መሬት ላይ አስቀመጠውና ዞር ብለን ጠበቅን። ኤሊው ቀስ ብሎ ጭንቅላቱን ሲያወጣ ኋላው ነው ያልነው ፊቱ ሆኖ ተገኘ። ምልክታችን ተገልብጧል። ጆንያ ላይ እግር የነበሩት ሁለት ጭረቶች ኤሊው ላይ ቀንድ ሆነዋል።

ወንድሜ ጎንበስ አለ። ከዚያ «አንተ! እግር ሰጥቼህ ቀንድ አደረግኸው?» አለው ለኤሊው።

ሌሎቹን ስድስቱን እየተጠነቀቀ፣ ጭንቅላታቸውን እስኪያወጡ እየጠበቀ በትክክል ሳለባቸው። ስለዚህ ቀንድ ያለው ያ የመጀመሪያው ብቻ ነው። እናታችን «ቀንዳሙ» ትለዋለች። ወንድሜ ግን «ጉምሩክ» ነበር የሚለው። ምክንያቱም ርግቦች ውሃ ሊጠጡ ሲወርዱ ከዳር ተደብቆ እግራቸውን ይይዛል። አብዛኞቹ ተንፈራግጠው ያመልጡታል፤ ላባቸውን ግን ጥለውለት ይሄዳሉ። «እሱ ሳይፈትሻት የምታልፍ ርግብ የለችም» ይል ነበር ወንድሜ። እኛ ድንበር ላይ ስለምንኖር እንዲህ ያለ ቀልድ ቶሎ ይገባናል።

አሁን ወደማልፈልገው ቦታ ደረስሁ። አሳጥሬ ልለፈው።

የወንድሜ የመጨረሻ ክረምት ዝናቡ ነሐሴ ላይ ቆመ። ሰሊጡ ቁመቱ ጉልበት ሳይደርስ አበበ፤ አጨዳው ቶሎ አለቀ። ኅዳር ላይ ወንድሜ የሰው ማሽላ ጭኖ ሲመለስ ትራክተሩ ተገለበጠ። ኤሊ በጀርባው ሲገለበጥ አንገቱን አውጥቶ መሬቱን ይገፋና ይቃናል፤ ይህን ያሳየኝ ወንድሜ ነው። ትራክተር አንገት የለውም። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ጸጥ አለ። እናቴ ከእኔ ጋር ትነጋገራለች፣ ታበላኛለች፤ መቆጣት ግን ተወች። በጭቃ ጫማ ብገባ ዝም። ባልዲ ብሰብር ዝም። አንድ ቀን ሆን ብዬ በዘይት የጨቀየ ሸሚዝ አልጋዋ ላይ ወረወርሁ። አንስታ አጠበችው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

የወንድሜ እጅ ያረፈበት ነገርም እየሳሳ መጣ። ጆንያዎቹ ከነምልክታቸው ተሸጠው ሄዱ። ትራክተሩ ለባለቤቱ ተመለሰ። ልብሱ እንደ ደንቡ ለሰው ተሰጠ። የካቲት ላይ አንድ ቀን እናቴ ማሽላ እየለቀመች ቀና ሳትል «ያ ቀንዳሙ አለ?» አለችኝ።

«ይኖራል» አልኋት። አይቼው ግን አልነበረም።

«እስቲ እየው።»

በማግስቱ ወረድሁ። ኩሬው ግማሽ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እወርዳለሁ፤ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፤ በየሳምንቱ ኩሬው ያንሳል። ከላይ ሽንኩርት የተከሉ ሰዎች በፓምፕ ይስባሉ። ከብቱ ከሩቅ አገር ሳይቀር ይመጣል፣ ሌላው ውሃ ስለደረቀ። ማንን ትቆጣለህ? ሽንኩርቱ የጎረቤት ነው፣ ላሟ የአክስቴ ናት። ፀሐይዋን ብቆጣ ደግሞ አትሰማኝም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ አንዱን ኤሊ ከብት ረግጦት አገኘሁት። ቅርፊቱ ተሰንጥቋል፣ ምልክቱ በእግሩ ቆሟል። ሁለተኛውን አባ ኮዳ በልቶት ነበር። አባ ኮዳ የሚባለው ያ መላጣ ትልቅ ወፍ ኩሬው ዳር ቆሞ ሲጠብቅ ቀብር ላይ የቆመ ሽማግሌ ይመስላል፤ ኮት የለበሰ። ድንጋይ ወረወርሁበት። ሁለት እርምጃ ሄዶ እንደገና ቆመ። ተመልሼ ለእናቴ የነገርኋት «ውሃው ትንሽ ቀንሷል» ብዬ ብቻ ነው።

የዚያኑ ሳምንት ወሰንሁ። አምስቱን አውጥቼ ሽንፋ ወንዝ እወስዳቸዋለሁ። ትልቁ ወንዝ እዚያ ጥልቅ ቦታ አለው፤ በጋውን ሁሉ ውሃ አያጣም። አስረኛ ክፍል ሳለሁ ስለ እንስሳት የተማርሁትን አስታወስሁ፤ የውሃ እንስሳ ያለ ውሃ ይሞታል። ይህ ግልጽ ነው። ማሰብ እንኳ የማያስፈልገው ነገር መሰለኝ። ኋላ ላይ እንደገባኝ ስህተቴ እዚያ ላይ ነበር፤ ገና አልደረስሁበትም።

ሚያዝያ ላይ ኩሬው መሀሉ ላይ ጭቃ ብቻ ቀርቶት፣ ዳሩ ተሰነጣጥቆ ሳለ በእጄ እየዳበስሁ ፈለግሁ። ሦስቱን አገኘኋቸው። ጭቃው ውስጥ ገብተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጎትቼ ሳወጣቸው አንዱም አልነከሰኝም። ይሄኔ ደክመው ነው አልሁ። ጎኑ ተቀዶ በተከፈተ ጀሪካን አስገብቼ እርጥብ ጆንያ ደረብሁባቸው። ቀንዳሙ የለም። አንድ ሌላም የለም። ሦስቱን አድርሼ እመለሳለሁ ብዬ ወደ መንገዱ ወጣሁ።

የመጣው ባጃጅ የወንድሜ ጓደኛ የነበረው ልጅ የሚነዳው ነው። ከኋላ ሁለት ሰው አለ። አንዱ ሽንፋ ላይ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው፤ ከመተማ ዮሐንስ አንድ ካርቶን መኮሮኒ ጭነው እየተመለሱ ነው። ሌላው ሳሉግ ነው። ለወቅት ሥራ ከደጋ የሚመጡትን ሰዎች ሳሉግ እንላቸዋለን። ይኼኛው ከወሎ ለምንጣሮ የመጣ ነው፤ መጥረቢያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ጀሪካኑን እግሬ ሥር አድርጌ ከዳር ተጠጋሁ። ሹፌሩ ምን እንደያዝሁ አልጠየቀም። ሰው ከመንገድ ጀሪካን ይዞ ሲገባ ውሃ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ባጃጁ ዘለለ። ኤሊዎቹ ደነገጡ። ከዚያ ሽታው መጣ።

 ሹፌሩ በመስታወት ወደ ኋላ አየ።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም» አሉ ሐጂ።

«ኧረ ሐጂ፣ እርስዎ ነዎት ያለ የለም።»

«በመስታወት አየኸኛ!»

«መንገድ እያየሁ ነው ሐጂ።»

«መንገዱ ከኋላ ነው እንዴ?»

ሳሉጉ ሁሉም ወደ እሱ ሲዞር መጥረቢያውን ያዝ አደረገ። «እንዴ! ኧረ በሕግ! እኔ ኸትናንት ወዲህ እህል የሚባል አልቀመስሁ፤ ኸየት አምጥቼ ነው?»

ሐጂ በዚህ ሳቁ። እኔም መናገር ነበረብኝ፤ ጆንያውን ግን በእግሬ ጠበቅ አድርጌ ከደንሁት። ሁለተኛው ጉድጓድ መጣ። አሁንስ የባሰ ሆነ። ሐጂ የአንገት ልብሳቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠቀለሉ፤ ሳሉጉ ጭንቅላቱን በጎን አውጥቶ እንደ ፍየል አየር ይስባል፤ ሹፌሩ ባጃጁን አቆመና «ሁላችሁም ውረዱ! ዛሬ ሬሳ ነው የጫንሁ!» አለ።

ወረድን። ጆንያውን ገለጥሁ።

«ኤሊ» አልሁ።

«ኤሊ?» አለ ሹፌሩ። «ኤሊ በባጃጅ? ሦስት ሰው ብቻ ነው የምጭነው፤ አሁን ስድስት ሆናችኋል!»

«ይበላል?» አለ ሳሉጉ በተስፋ።

«አይበላም!»

«እሺ፣ አልሁ እንጂ በላሁ?»

ሐጂ ግን ጎንበስ ብለው ጀሪካኑ ውስጥ ያዩ ነበር። ልብሱን ከአፍንጫቸው አወረዱት። ክቡንና ሁለቱን ጭረት በጣታቸው ሳይነኩ አመለከቱ። እሳቸው ለብዙ ዓመት ሰሊጣችንን ይገዙን ነበር፤ ያንን ምልክት ከእኔ በላይ ያውቁታል።

«ይሄ የናንተ ጆንያ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«እሱ ነው የጻፈው?»

«እሱ ነው።»

ሹፌሩ ፊቱን ወደ መሪው አዞረ። ሐጂ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ገብተው ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣው ወዲህ። እግር ሥር ሲሆን ይንገላታሉ።» ጀሪካኑን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ሽንፋ ያዙት። መኮሮኒው እኔ ጭን ላይ ሆነ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሐጂ ጀሪካኑን ብድግ ያደርጉታል፣ ሹፌሩም ቀስ ይላል፣ ሳሉጉም ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ይይዛል። ነጭ ጀላቢያቸው ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደታጠበ አላውቅም። ሽንፋ ስንደርስ ውሃው ዳር አብረውኝ ወርደው ሦስቱ ሲገቡ አዩ። ኤሊዎቹ ትንሽ ፈዘው ቆዩ፤ ከዚያ ሰጠሙ።

እኔ በጣም ደስ አለኝ። ቤት ስደርስ ለእናቴ «ሦስቱን አተረፍሁ» አልኋት።

«ቀንዳሙስ?»

«ነገ አካፋ ይዤ እወርዳለሁ።»

በማግስቱ ወረድሁ። ጭቃው ከላይ ደርቆ እንደ ሸክላ ተሰነጣጥቋል። የትም ሊሆን ይችላል። ከአንድ ጫፍ ጀመርሁና መቆፈር ያዝሁ። ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ትጠብሳለች። ሦስት ጉድጓድ ቆፍሬ አራተኛው ላይ ስደርስ ከኩመሩ ሥር ድምፅ ሰማሁ።

«ምን ቀበርህና ነው የምትፈልገው?»

በአቅራቢያችን ያለ የእርሻ ካምፕ ዘበኛ ናቸው። ከጎጃም ለአጨዳ መጥተው፣ እመለሳለሁ እያሉ ሳይመለሱ ያረጁ ሰው። ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ኤሊ ነው አባባ።»

«ኤሊ ጠፋህ? ኤሊ ቀድሞህ ሄደ?» ራሳቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አካፋውን ሳነሳ «ተው! አቁም!» አሉኝ። ድምፃቸው ተለውጧል። «አንገቱን ልትቆርጠው ነው?»

አካፋውን አወረድሁ።

«ሰው ተኝቶ ሳለ ጣራውን ነቅለህ ደኅና ነህ ወይ ትለዋለህ?»

«ውሃው አለቀ እኮ አባባ። ይሞታሉ።»

«ማን ነው ይሞታሉ ያለህ?»

መጽሐፍ ነው ልል አሰብሁ። መጽሐፉ ግን ስለ እኛ ኩሬ አንድም ነገር አላለም።  እሳቸው ቁጭ ብለው ነገሩኝ። በአንድ ድርቅ ዓመት ለሳሉጎች ውሃ ሲፈልጉ የደረቀ ኩሬ ቆፍረው እንደ ድንጋይ የጠጠረ የጭቃ ድብልብል አወጡ። ድንጋይ መስሏቸው ጀሪካን አስደገፉበት። ጀሪካኑ ያንጠባጥብ ነበር። ከቀትር በኋላ ድንጋዩ ዓይኑን ገለጠ።

«ጭቃው ውስጥ ይገባና ይተኛል። አይበላም፣ አይጠጣም፤ ዝናብ እስኪጠራው ይጠብቃል። የደከመውና ትንሹ ይሞታል፣ አልዋሽህም። ትልቁ ግን ይችለዋል። ይህን ለወንድምህም ነግሬዋለሁ።»

አካፋው ላይ ተቀመጥሁ። ወንድሜ ኤሊዎቹን የሚቆጥረው ሁልጊዜ ዝናብ ከገባ በኋላ ነበር። በበጋ ኩሬው ሲደርቅ አንድ ጊዜም ወርዶ አልነካቸውም። እኔ ደግሞ ያንን ስንፍና ነው እል ነበር፤ በበጋ ሥራ ፈቶ ተኝቶ እየዋለ በክረምት ሥራ ሲበዛ ኤሊ ቆጠራ ይወርዳል ብዬ አሾፍበት ነበር። ምክንያቱን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም። አሁን ሦስቱን ከእንቅልፋቸው ጎትቼ አውጥቼ፣ በባጃጅ አንገላትቼ፣ የማያውቁት ውሃ ውስጥ ጣልኋቸው። ለዚህ ነው ያልነከሱኝ። ተኝተው ነበር።

«ሦስት ወስጃለሁ» አልኋቸው።

«ወዴት?»

«ሽንፋ።»

ሽማግሌው አሰቡ። «በምን?»

«በባጃጅ።»

ለረጅም ጊዜ ሳቁ። እያሳላቸው ሳቁ። ዓይናቸውን ጠራርገው «እንግዲህ ውሃ ነው ያስገባሃቸው፣ እሳት አይደል። የሚኖሩት ይኖራሉ» አሉ። ከዚያ ተነስተው በዱላቸው የጭቃውን መሀል አሳዩኝ። «ገና ርጥበት ያለው ያ ነው። ትልቅ ካለህ እዚያ ነው። ከብት እንዳይረግጠው እሾህ አምጣና ክበበው። መርዳት ከፈለግህ እንደዚያ ነው።»

ሁለት ቀን ሙሉ የግራር እሾህ ጎተትሁ። ውሃ የሌለበት ቦታ ላይ አጥር ሳጥር ያየ እረኛ ሁሉ ቆሞ ይጠይቀኛል።

«ምን ተከልህ?»

«ኤሊ።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ሐምሌ።»

«ሲደርስ ዘር ስጠን!»

ስሜ በአካባቢው ኤሊ ተካዩ ሆነ። እናቴም ሰማች። ምንም አላለችም፤ ግን በየሳምንቱ የምትጠይቀውን አልተወችም። መልሴ ብቻ ተለወጠ። «ተኝቷል» እላታለሁ። አንድ ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። አልነበርሁም። እሾሁ ሥር ኤሊ ይኑር፣ ባዶ ቅርፊት ይኑር፣ ምንም አይኑር አላውቅም። ቆፍሬ ልይ ብል ልገድለው ነው። አካፋውን ከቤት ኋላ ደበቅሁት፣ ከራሴ።

ሰኔ ደረቅ ሆኖ አለፈ። በየቀኑ ከሱዳን በኩል ደመና ይቆማል፣ ያጉረመርማል፣ ይሄዳል። ሰው ሰሊጥ ለመዝራት መሬቱን አርሶ ሰማይ ያያል። እኔ ግን መዝራቱን ሳይሆን እሾሁን ነበር የማስበው፤ ይህን ጮክ ብዬ ብናገር ይደበድቡኛል።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ዘነበ። አንድ ቀን ሙሉ፣ ከዚያ ሌላ ቀን። ወንዙ ቡናማ ሆኖ ወረደ፣ እሾሄን ጠራርጎ ወሰደው። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሲያባራ ወረድሁ። ኩሬው ሞልቷል። ከኩመሩ ሥር ተቀመጥሁ።

ምንም የለም። እንቁራሪት ይጮኻል። በደህናው ዓመት ቢሆን ከዳር ዳር የብር ሳንቲም የሚያክሉ የኤሊ ጫጩቶች ይታያሉ፤ ወንድሜ እነሱን አይቆጥርም ነበር፣ «ገና ምልክት አልወጣላቸውም» ይላል። አሁን አንድም የለም። እንቁላሉ መሬቱ ውስጥ ተጠብሶ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ጭራሽ አልተጣለም። ፀሐይ ከፍ አለች። ለእናቴ የምላትን በልቤ እያዘጋጀሁ ነበር። «ገና ነው» ልበላት? ስንት ጊዜ ገና ነው ይባላል?

ርግቦች መጡ። አምስት ስድስት ሆነው ዳር ላይ አረፉ፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ጠጡ። አንዷ ትንሽ ገባ አለች። ድንገት ክንፏን አርገበገበች። አንድ እግሯ አልነሳ አላት። ውሃው ተናጠ፣ ሌሎቹ በረሩ፣ እሷም ታግላ ታግላ ተፈትልካ ወጣች። ሁለት ላባ ውሃው ላይ ቀረ።

ፈትሿታል!

ከነጫማዬ ገባሁ። በሁለት እጄ ጭቃውን ዳበስሁ፤ ክብ ጠንካራ ነገር ነካሁ፤ አወጣሁት። ወዲያው አኩርፎ አንገቱን አጠፈ። ቀሏል፣ እግሩ ቀጥኗል፣ ጀርባው ላይ ጭቃ ተጋግሯል። ጭቃውን በአውራ ጣቴ አሸሁት። ቀለሙ አብዛኛው ለቋል። ግማሽ ክብ ይታያል፣ ከበላዩ አንድ ቀንድ። አንዱ ቀንድ የለም። ግን አንዱ በቂ ነው፤ በዚያ በኩል ቀንድ ያወጣ ኤሊ በዓለም ላይ ሌላ የለም። ከጭረቱ ጫፍ ወርዶ የደረቀው የቀለም ጠብታ እንኳ አለ። ወንድሜ ብሩሹ ላይ ሁልጊዜ ቀለም ያበዛበት ነበር።

ደረቴ ላይ አስጠጋሁት። ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። እሱ ግን የሚለውን ያውቃል። ሸሚዜ ላይ ለቀቀብኝ። ከአንገቴ እስከ ሆዴ ወረደ።

«አንድ» አልሁ ጮክ ብዬ። ቆጠራው መጀመር ስላለበት። ከዚያ ሌላ የምቆጥረው አልነበረም፤ ያ ጠፍቶ የነበረው ሌላኛውም ሆነ ሽንፋ የወሰድኋቸው ሦስቱ እስከ ዛሬ አልታዩኝም። አንዱን ውሃ ውስጥ መለስሁትና ወደ ቤት ሮጥሁ።

እናቴ በር ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ማሽላ ታበጥራለች። ገና ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። አልዞረችም። ጭንቅላቷን ቀና አደረገች፤ አየሩን ሳበች። እንደገና ሳበች። ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳችና ዞረች። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«አትግባብኝ!» አለች። ድምፅዋ መሀል ላይ ተሰበረና እንደገና ተነሳ። «ከነግማትህ ቤቴን እንዳታበላሽ! እዚያው ቁም!»

ቆምሁ። እሷ ባልዲውን ልታመጣ ገባች።